ከብት የነቀለው ችካል

አባቴ ቤታችንን ያስፈረሰው በጨዋነቱ ነው። እንዲህ ስል እናቴ «ቀስ በይ እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው» ትለኛለች። አባቴ መሆኑንማ አልረሳሁም። ግን ነገሩን ከዚህ ሌላ በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም።

ቤታችን ከአዘዞ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ ዳር ነበር። ልጅ ሳለሁ ጎንደር ሩቅ ነበረች። ታክሲ ለመያዝ አዘዞ ድረስ በእግር እንሄዳለን፤ ከታክሲው መስኮት ደግሞ ማሳ ይታያል፣ ከብት ይታያል፣ ከዚያ ነው ከተማው የሚመጣው። አሁን ከፒያሳ ተነስታችሁ አዘዞ እስክትደርሱ ቤት ከቤት አይለይም። ጎንደር ወደ አዘዞ ትምጣ ወይ አዘዞ ወደ ጎንደር ይሂድ ያየ የለም። ብቻ አንድ ቀን መሃሉ ጠፋ።

አባቴ ይህን ሲሰማ አይገርመውም። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ማረሻ ለማስቀጥቀጥ የሚሄድበት የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር። ሰዎቹ እስራኤል ሲገቡ መንደሩ ባዶውን ቀረ፣ ጣራው ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ቅጥሩን አረም ወረሰው። ኋላ ከተማው ሲደርስበት ደግሞ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆነ። «ቦታ ሰው አያጣም፤ ሰው ነው ቦታ የሚያጣ» ይላል አባቴ። እኔ ይህን ንግግሩን ድሮ እወደው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ተመረቅኩ። የተማርኩት የከተማ ፕላን ነው። ሥራ የለም፤ ስለዚህ የምረቃ ጥቁር ልብሴን አጣጥፌ ቤት ገባሁ። በመሬት ድንበር የሚዋሰነን ሽማግሌ አለ፣ ሁላችንም «አያ» ነው የምንለው። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጥቶ ጠላውን እየጠጣ ጠየቀኝ።

«አንቺ፣ ፕላን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከተማ ወዴት እንደሚያድግ ማጥናት ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ንገሪው እንጂ፣ ወደኛ እንዳይመጣ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ካርታ ስንቀባ መኖሪያው ቢጫ፣ እርሻው አረንጓዴ ነበር፤ ከከተማው ዳር ዳር ያለውን ደግሞ በሰያፍ መስመር እንሞላና «ለወደፊት ማስፋፊያ» ብለን እንጽፍበታለን። በዚያ በሰያፉ መስመር ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር የጠየቀን አስተማሪ አልነበረም።

አያ ራሱ መሬቱን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። በየወሩ አንድ ቁራጭ ቤት ለሚፈልግ ሰው ይሸጣል፤ በነጋታው የጨረቃ ቤት ቆሞበት እናገኛለን። ከገጠሩ ሸሽቶ የመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም አንገቱን የሚያስገባበት ይፈልጋል። አባቴ ግን አንድ ስንዝር አልሸጠም። «ያልሸጡት መሬት አይሄድም» ብሎ ነው የሚያምነው።

ጥቅምት ላይ ቀያሾች መጡ። ከአዘዞ ጀርባ አድርጎ የሚዞር አዲስ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። ሦስት እግር ያለው መሣሪያ አቆሙ፣ አንዱ ዘንግ ይዞ ጤፉ ውስጥ ገባ፣ እዚህም እዚያም ጫፉ ቀይ የተቀባ የእንጨት ችካል ተከሉ። እናቴ «በሰላም አገር ጤፌን ረገጡት» እያለች ታጉረመርማለች፤ አባቴ ደግሞ ውሃ አምጡላቸው ይላል። ሲጨርሱ መስመሩ ከጓዳችን ጀርባ ባሉት ጌሾዎቻችን ማዶ አለፈ። ከማሳው ግማሹን ይወስዳል፣ ቤቱን ግን አይነካም። አለቃቸውን ሦስቴ ጠየቅኩት። «ቤታችሁ ነጻ ነው» አለኝ፣ ሦስቴም።

ያን ቀን እናቴን ጌሾዋ አጠገብ አቁሜ በስልኬ ፎቶ አነሳኋት። ከኋላዋ፣ ከጌሾው ወዲያ ማዶ ካለው ግራር ሥር ቀዩ ችካል ይታያል። «መንገድ ዳር ልትሆኚ ነው፣ ሱቅ ትከፍቻለሽ» እያልኩ ሳስቃት ነው ያነሳሁት። በማሳው አዝነናል፣ ግን ቤታችን ተርፏል። እንደ እኛ የተረፈለት ብዙ ሰው አልነበረም።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ንብረት ገማቾች መጡ። እኔ ለሥራ ፈተና ከተማ ገብቼ ነበር። ስመለስ የጓዳችን ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መንገዱ ጓዳውን ይነካል አሉ።»

«እንዴት ይነካል? በጌሾው ማዶ አይደል እንዴ ያለፈው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የተነካ ቤት ሙሉውን ነው የሚፈርሰው አሉ።»

ወጥቼ ሳይ ችካሉ ከጌሾው ወዲህ ነው። ወዲህ! ሊያውም ቀጥ ብሎ፣ ሥሩ በጠጠር ተጠቅጥቆ፣ ሸጋ ሆኖ ተተክሏል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አየሁት። መልሼ ችካሉን አየሁ። አባቴ በረት ያጸዳል።

«አባዬ፣ ይሄን ችካል ማን ነካው?»

ቀና እንኳን አላለም። «ከብት ጣለው። እኔ አነሳሁት።»

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ካልነገርኩ አይገባችሁም። እኛ ዘንድ ሰብል ከተነሳ በኋላ የሁሉም ከብት በሁሉም ማሳ ይለቀቃል፣ የኔ ያንተ የለም። በታኅሣሥ መጨረሻ የተለቀቀው ከብት ችካሎቹ ላይ ሲታከክ ጣላቸው፣ ጉድጓዱንም ረጋግጦ ደፈነው። ሌላው ደግሞ የድንበር ነገር ነው። የድንበር ድንጋይ የነቀለ ሰው እኛ ጋ ከሌባ ይብሳል። ሌባ ይታረቃል፤ ድንበር ገፊ ግን ለልጅ ልጁ ነው ስሙን የሚያወርሰው። ስለዚህ ድንበር ጠፍቶ የተገኘ እንደሆነ ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይተከላል። ጎረቤት ከሌለ ደግሞ፣ የሌለ ሰው ድርሻ እንዳይነካ፣ ከራስህ ላይ ትንሽ ለቀቅ አድርገህ ነው የምትተክለው። አባቴ ይህን ከአባቱ ነው የተማረው።

«የት እንደነበረ አታውቅም ነበር?» አልኩት።

«ጉድጓዱ ጠፍቷል። በግምት ነው።»

«በግምት ከሆነ ምነው ወደኛ አስገባኸው? ወደዚያ ብታደርገውስ?»

አሁን ቀና አለ። አባቴ ተቆጥቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልተቆጣም፤ ብቻ ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት በሚል ዓይን አየኝ። «ባለቤቱ በሌለበት?»

«ባለቤቱ ማነው?»

«መንግሥት ነዋ። መንገዱ።»

«እና ለመንግሥት ለቀቅክለት?»

«ትንሽ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።»

እናቴ ከደጃፉ ሆና ሰምታናለች። «ለወንድሜ ሠርግ አንዲት በግ አልለቅም ያለ ሰው» አለች፣ «ለመንግሥት ቤት ለቀቀለት።» ማልቀስ ጀመረች መሰለኝና ዞሬ ሳያት እየሳቀች ነው። ከዚያ ግን እውነትም አለቀሰች።

አያ ወሬውን የሰማው በማግስቱ ነው። «እኔን በአንዲት ስንዝር ድንበር ሽማግሌ ፊት ያስቀመጠኝ ሰው» አለ። «ለከተማው ግን በሩን ራሱ ከፈተለት።» አያ ሲሄድ ለኔ ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ በቶሎ አንድ ነገር አድርጊ። የተማርሽው ይሄን አይደል?» አለኝ። አዎ፣ የተማርኩት ይሄን ነው።

የክፍላችን ልጅ የነበረ፣ አሁን የመንገድ ሥራ ላይ በቀያሽነት የሚውል ጓደኛ አለኝ። እሑድ ቀን መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት። መጣ፤ አቆመ፣ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። በኮምፒውተሩ ያለው መስመር ልክ እንደ ፎቶው ነው፣ ከጌሾው ማዶ። ቤቱ ነጻ ነው።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩ።

«ምኑ ነው ያለቀው? ገማቾቹ የለኩት በመሬት ላይ ባለው ችካል ነው። እሱ እስኪስተካከል የናንተ ቤት ፈራሽ ነው። ቅሬታ አስገቡና አባትሽ ችካሉ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ይበል። ያን ጊዜ እንደገና ይለካል።»

ያን ጊዜ ቀላል መሰለኝ። አንድ ቃል እኮ ነው።

የካቲት ላይ ቅሬታ ለማስገባት አባቴን ይዤ ከተማ ገባሁ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቱን ሰብስቦ ተቀምጧል። መንገዱን ሙሉ እያስጠናሁት ነው የሄድኩት።

«አባዬ፣ ማነው ያንቀሳቀሰው ሲሉህ፣ እኔ ነኝ በል። ከከብት በኋላ በግምት ተከልኩት፣ ተሳስቻለሁ በል። ሌላ ምንም አትጨምር።»

ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አስተካከለ።

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ትላለህ?»

«እውነቱን ነዋ።»

ይህን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ።

የቅሬታ ቢሮው ሰው መጥፎ ሰው አልነበረም። መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው አገኝ ነበር። አባቴን ወንበር ሰጠው፣ ፎቶዬንና ጓደኛዬ የላከልኝን ልኬት አየ፣ «ፎቶ ልኬት አይሆንም፣ በግል የተለካም አይጸናም፣ እህቴ» አለኝ፣ በትህትና። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። ክፍሉ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ግማሾቹ በመልክ የምናውቃቸው የኛው አካባቢ ሰዎች ናቸው።

«አባት፣ ችካሉን ማን ነቀለው?»

«ከብት።»

«የማን ከብት?»

«የአገሩ። ሰብል ሲነሳ ሁሉም ይለቃል።»

«ከዚያስ?»

«ወድቆ አገኘሁት። አነሳሁት። ተከልኩት።»

«የት ተከሉት? ከነበረበት ሌላ ቦታ?»

አባቴ ግድግዳውን የተደገፉትን ሰዎች አየ። እነሱም አዩት።

«እኔ ድንበር ነክቼ አላውቅም» አለ።

«ነክተዋል አላልኩም። እየጠየቅኩ ነው። ችካሉን ከቦታው አንቀሳቅሰዋል?»

«የማንንም ድርሻ አልነካሁም።»

እኔ መቆም አልቻልኩም። «ከራሱ ላይ ነው የቀነሰው፣ ጌታዬ። ወደ ራሱ ቤት ነው ያስገባው። እንዲህ ዓይነት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ…»

«አንቺ ቆይ። ባለይዞታው ይናገር።» ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባት፣ ልንገርዎት። አንቀሳቅሻለሁ ካሉኝ፣ የመንግሥት ችካል መንካት ወንጀል ነው፣ ወደ ሕግ ክፍል እመራዋለሁ። ግን ቤትዎ እንደገና ይለካል፤ ያስቀጣዎታልም ብዬ አላስብም። አላንቀሳቀስኩም ካሉኝ ልኬቱ ይጸናል። አንዱን ይበሉኝ።»

ወንጀል የሚለው ቃል አይደለም አባቴን ያስፈራው። እስር ቢሆን ይታሰር ነበር። ግድግዳውን የተደገፉት ሰዎች ፊት «ችካል አንቀሳቅሻለሁ» ማለት ነው ያቃተው። እነዚያ ሰዎች ወደ መንደር ይመለሳሉ፤ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ድንበር ነካ ይባላል፣ አለቀ። ፊቱን ሳይ ምን እንደሚል አወቅኩ። እጁን ያዝኩት፣ ጨመቅኩት። እንደ ሕፃን «አባዬ፣ በናትህ» አልኩት።

«በቦታው ነው ያለው» አለ።

ሰውየው ጻፈ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አምስት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ስለ መስመር፣ ስለ ልኬት፣ ስለ ይዞታ፤ ፎቶው እጄ ላይ ነው፣ ትክክለኛው ልኬት ስልኬ ውስጥ ነው፣ እና አንዲት ነገር ማድረግ አልቻልኩም።

ከቢሮው ወጥተን በፒያሳ በኩል ወረድን። ከተማው ታድሷል። የእግረኛው መንገድ በድንጋይ ተነጥፏል፣ የአብያተ መንግሥታቱ ግንብ ዙሪያ አበባና ሣር ተተክሏል፣ መብራቱ ሳይቀር አዲስ ነው። ባለፈው እኔም እዚያ ቆሜ ፎቶ ተነስቼበታለሁ፤ ከተማዬ ሲያምርማ ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። አባቴ ቆም ብሎ ግራና ቀኝ አየ።

«ሸጋ አድርገውታል» አለ።

ከልቡ ነው። ልጮህበት ፈለግኩ። እሱ ግን ሣሩን እንዳይረግጥ በዳር በዳር ተጠንቅቆ እየሄደ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ በመሃል ያቋርጣል።

መጋቢት ላይ ቤቱን አፈረስን። ማሽን መጥቶ ከሚደፈጥጠው እንጨቱንና ቆርቆሮውን ለማትረፍ ራሳችን አፈረስነው። አባቴ እንደ ወጉ ደቦ ጠራ። አብዛኞቹ የመጡት ሰዎች ቤቱን ሲሠራም በደቦ የመጡ ናቸው፤ ማገሩን ማን እንዳሰረው፣ ምሰሶውን ማን እንደተሸከመው ያውቃሉ። እናቴ ጠላ ጠምቃለች፣ ወጥ ሠርታለች። አንዱ ጎልማሳ ጣራው ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሲያነሳ ከልማድ የሥራ ዘፈን ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ሰው ተቀበለው። ከዚያ ምን ላይ እንደሚዘፍኑ ትዝ ሲላቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሚስማር ድምፅ ብቻ ነበር።

አያ ከታች ሆኖ እንጨት ይቀበላል። «ስንሠራው አራት ቀን ፈጀብን» አለ። «ማፍረስ እንዴት ያለ ቀላል ሥራ ነው። ከተማ የሚገባው ሰው ሁሉ ይሄን ነው መሰል የሚማረው።» ወደኔ ነው ያየው። እንጨቱን ከእጁ ተቀብዬ ወደ ክምሩ ወሰድኩት።

አዘዞ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተብሏል፤ የት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ከብቶቹን አያ ይጠብቅልናል። እናቴ ከግቢው ቧንቧ ወረፋ ትይዛለች፣ ስትመለስ ሁሌ አንድ ወሬ ይዛ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እየለመደች ይመስለኛል። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ዱላውን ይዞ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

መንገዱ የተቆፈረው ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። በእኛ በኩል ያለው ሥራ በጥድፊያ ካለቀ በኋላ እናቴ «እስኪ የት እንዳለፈ እንይ» ብላ አብረን ሄድን። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ተዘርግቷል፣ ጎኑ የውሃ ቦይ አለው፣ ከቦዩ ወዲህ ግራሩ ቆሟል። ግራሩ! ከግራሩ ወዲህ ቤቱን ስናፈርስ የቆረጥናቸው ጌሾዎች ጉቶ አለ፤ ከጌሾዎቹ ወዲህ የቤታችን መሠረት አለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ምድጃው የነበረበት ጥቁር አፈር ሳይቀር።

ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ። «ሥራው የሚሄደው በኮምፒውተሩ ልክ ነው። ስካቫተር ችካል አያይም።»

«ታዲያ ቤታችንን ምን አፈረሰው?»

«ፋይሉ» አለ። ከዚያ ሰው ጠራውና ዘጋው።

ቢሮ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው አስታወሰኝ፣ አዘነልኝም። ቦታው ካሳ የተከፈለበት የመንግሥት ይዞታ ስለሆነ መመለስ አይቻልም አለኝ፤ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ገና አልተወሰነም። «ለጊዜው የማንም አይደለም» አለኝ። እናቴ በዚያ መሬት ቢያንስ ጎመን ልዝራበት ብላ ነበር። አባቴ አይሆንም አላት። የማን እንደሆነ ባልታወቀ መሬት ላይ አይዘራም።

አሁን ክረምት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ታክሲ ለመያዝ ወደ አዲሱ መንገድ ሲሄድ በቤታችን ቦታ ላይ ያቋርጣል። ከዋናው በር እስከ ጓዳው ቀጭን የእግር መንገድ ወጥቶለታል። አያም በዚያው ያልፋል፣ ከብቶቻችንም ያልፋሉ። ባለፈው ከአባቴ ጋር እዚያ ሳለን ዝናብ መጣና እኔ በአቋራጩ ሮጥኩ። ግራሩ ሥር ደርሼ ዞር ስል ከኋላዬ የለም። መሠረቱን በዳር በዳር እየዞረ፣ ጋቢው በዝናብ ርሶ፣ በጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል።

«ምነው አባዬ፣ በዚህ ብታቋርጥ?»

«እየመጣሁ ነው» አለኝ። «አትጠብቂኝ፣ ታክሲው ያመልጥሻል።»

ታክሲው መጣ። ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላል። አባቴ ገና የጌሾዎቹ ጉቶ ጋ ነው። እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ታክሲውን አሳለፍኩትና ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም።